የሙሉ ጨረቃ ኩኪስ

ግድግዳው በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይከፈታል። ሁለት ሳህን ያወጣል፤ ግራው የእኔ፣ ቀኙ የባለቤቴ። ሳህኑ ላይ ያለው ምግብ ምጥን ይባላል። ቀለሙን መምረጥ ይቻላል። እኔ ቡናማ እመርጣለሁ፤ ጣዕሙ ከቢጫው ጋር አንድ ነው፣ ግን የለመደ አይተውም። በልተን ስንጨርስ ማንኪያውን ወደ ቦታው እንመልሳለን፣ ግድግዳው ይቆጥርና ይዘጋል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስንኖር ቅሬታ አቅርበን አናውቅም።

በሁለት ሺህ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ ረቡዕ ዕለት፣ ፌቨን ማንኪያውን አላነሳችም።

«ምነው?» አልኳት።

«አልወርድ አለኝ፣ ኪሩ።»

«እስቲ ትንሽ ቅመሺ።»

«ሞከርኩ እኮ። እዚህ ጋ ሲደርስ ይቆማል።» ጉሮሮዋን በጣቷ አሳየችኝ።

ሐኪሙ በግድግዳው ማያ ገጽ ላይ ብቅ አለ። ምላሷን አየ፣ ደሟን አነበበ፣ «ምንም የለባቸውም፣ እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ጠፋ። ያልታመመ ሰው ለምን እንደማይበላ መጠየቅ የእሱ ሥራ አይደለም።

ደንቡን የማያውቅ ሰው በሕንፃችን የለም፤ ሊፍቱ ውስጥ ተለጥፏል። ሰባት ቀን ያልበላ ሰው «በቃኝ» እንዳለ ይቆጠራል። በሰባተኛው ቀን አራት ሰዓት ላይ ሸኚ ይመጣል። ሸኚዎች ጨዋ ናቸው። ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፣ ወረቀት ያነባሉ፣ ሰውየውን ይዘው ይወርዳሉ። የወረደ ሲመለስ አላየሁም። አንድ ማምለጫ አለ፣ አንቀጽ አሥራ አንድ፤ ሰውየው ሸኚው ፊት የፈለገውን ምግብ በገዛ እጁ አንሥቶ ከበላ፣ ምግቡም ሠላሳ ደቂቃ ሆዱ ውስጥ ከቆየ፣ ጉዳዩ ይዘጋል። ሙከራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አርባ ዓመት ሊፍት የጠገንኩ ሰው ስለሆንኩ ያንን ማስታወቂያ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ያኔ አንቀጽ አሥራ አንድን ሳነብ «ይቺን እንኳ ደግ ሰው ነው የጻፋት» ብዬ ነበር።

ሐሙስ የእሷን ሳህን እኔ በላሁላት። ማንኪያው ለካ ምራቅ ይለያል። እኔን «ከመጠን በላይ» ብሎ ምሳዬን ቀነሰብኝ፣ እሷን ባዶ አስመዘገባት። ፌቨን ሳቀችብኝ። «ሽማግሌ ሌባ» አለችኝ። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እኔ ሰባ ስድስት። የእኛ ዘመን ስሞች ዛሬ የአያት ስም ሆነዋል፤ የሕንፃው ሕፃናት «እማማ ፌቨን» እና «አባባ ኪሩቤል» ሲሉን ከጥንት ጀምሮ አሮጌ የነበርን እየመሰላቸው ነው።

ዓርብ ጠዋት ጣሪያውን እያየች «አንድ ነገር ቢገኝ ይወርድልኝ ነበር» አለች።

«ምን?»

«የሙሉ ጨረቃ ኩኪስ።»

ሙሉ ጨረቃ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ በስተቀኝ የነበረ ኬክ ቤት ነው። በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን፣ እኔ ፊት ለፊቱ ያለው ሕንፃ ላይ ሊፍት እየገጠምኩ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እሷ ነጠላዋን እንዳጣፋች ከቤተ ክርስቲያን መጥታ የቸኮሌት ኩኪስ ገዛች። የሚያህለው መዳፍ ነው። ፊቱ ተሰነጣጥቋል፣ ጠርዙ ኮሽ ይላል፣ መሃሉ ለስላሳ ነው፣ የቸኮሌት ስባሪም አለበት። እኔ ቱታዬ በግራሶ ተጨማልቆ በር ላይ ቆሜ አያታለሁ። ስሜን ሳትጠይቅ ግማሹን ቆርሳ ሰጠችኝ። ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ በየዓመቱ መጋቢት አሥራ ሁለት እየሄድን ያንኑ ኩኪስ እንበላ ነበር። ከዚያ ቀን አንዲት ነገር አልረሳሁም፣ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ግድግዳውን ጠየቅኩት። «የቸኮሌት ጣዕም» የሚል አለ። ክብ ቅርጽም አለ። አወጣልኝ። ፌቨን ምላሷ ላይ አደረገችውና ወዲያው በመሐረብ ተፋችው።

«ይሄ ግድግዳ ነው» አለች።

ስለዚህ እቤት መሥራት ሊኖርብኝ ነው። «እቤት» ስል ግን ቤታችን ኩሽና የለውም፤ ኩሽናው የነበረበት ቦታ አሁን የግድግዳው ሆድ ነው። እሳት ክልክል ነው። ዱቄት የሚሸጥበት ሱቅ ከተዘጋ ልጅ ተወልዶ አግብቷል። ወደ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ወደ እትዬ ሊዲያ።

እትዬ ሊዲያ ሰማንያን አልፋለች። በወጣትነቷ ሃያ ዓመት ኬክ ጋግራለች፤ በቁም ሣጥኗ ውስጥ ዶሮ ታረባለች፤ ዶሮዋ ስትጮህ እሷ ታስላለች። ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ ምንም ሳትል ከፍራሿ ሥር አንድ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጣች። ግማሽ ድረስ የካካዎ ዱቄት አለበት። ክዳኑን ከፍታ አስሸተተችኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አላፍርበትም።

«የመጨረሻው ነው» አለች። «ለራሴ ተዝካር ነበር ያስቀመጥኩት። ውሰደው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።»

ፉርኖ ዱቄትና ስኳር በፌስታል ቋጠረችልኝ። ቤኪንግ ፓውደር በጥፍሯ ጫፍ ለክታ በወረቀት ጠቀለለች። ከዚያ አሠራሩን እንደ መምህር ነገረችኝ።

«ሊጡን አሳድረው፣ ቀዝቃዛ ቦታ። ስታስቀምጠው ከምረው እንጂ እንዳትጠፈጥፈው፤ ራሱ ነው የሚተኛው። መሃሉ ገና ነው ብለህ ስታስብ አውጣው። የኬክ ቤት ኩኪስ ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ሰው ሁሉ አብዝቶ እያበሰለ ነው የሚያበላሸው።»

«እሺ።»

«ደግሞ ንገረኝ፤ የጾም ነበር ወይስ የፍስክ?»

ጥያቄው አስገረመኝ። ይህን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው! ከግድግዳው የሚወጣው ሁሉ ከአንድ ገንዳ ነው፤ ሥጋ የለውም፣ ወተት የለውም። የጾመውም ያልጾመውም አንድ ዓይነት ነገር ሲበላ ኖሮ ቀስ በቀስ ማን ጾመ፣ ማን ፈታ የሚለው ተረሳ። የከለከለ የለም። ትርጉም አጣና ቀረ።

«ኧረ የፍስክ ነው እንጂ!» አልኳት። «እንደዚያ የሚጣፍጥ የጾም ነገር የት ታውቂያለሽ?»

«አይ፣ የጾም ከሆነ ዘይት አለኝ ብዬ ነው። ዛሬ አቡክተህ ነገ ትጋግረዋለህ። የፍስክ ከሆነ ግን ቅቤ ያስፈልግሃል፤ እንቁላሉንስ እኔ እሰጥሃለሁ።»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ቆም ብዬ አላሰብኩም። ዘይቱን ጠርሙስ ውስጥ እያየሁት ነበር። ግን ሚስቴ ለሞት ደርሳ እኔ በዘይት የታሸ ነገር ይዤላት ልግባ? ለሚወዱት ሰው ቅቤ ነው የሚወጣው። እናቴም ታሞ የተነሣን ሰው የምትቀበለው በቅቤ ነበር። ስለዚህ «ቅቤ አገኛለሁ» አልኩ።

ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ነው። በሕንፃችን ላም ያየ ሰው ከስድስት አይበልጥም። በጭነት ሊፍቱ ዕቃ የሚያመላልስ አንድ ሰው ከሱሉልታ ማዶ ላም የምታልብ ሴት አውቃለሁ አለኝ፤ ለዋጋው ካፖርቴን ወሰደ። ቅዳሜ አልመጣም። እሑድ አልመጣም። ፌቨን በአራተኛው ቀን ከአልጋ ለመነሣት እጄን ፈለገች፣ በአምስተኛው ቀን መነሣቱንም ተወችው። ውኃ ግን ትጠጣለች። አጠገቧ ተቀምጬ «ነገ ይመጣል» እላለሁ፤ እሷም «ዝም ብለህ አትድከም» ትላለች፤ ቆይታ ግን «ፊቱ የተሰነጠቀ እንዲሆን» ትለኛለች። መብላት ትፈልግ ነበር። ይህን ሰው ሁሉ ይወቅልኝ። ፌቨን በቃኝ አላለችም።

ሰኞ ከሰዓት ቅቤው መጣ። አውራ ጣት የምታህል፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለች። በዚያው ምሽት አቦካሁ። ብልቃጡን ገልብጬ መታሁት፣ የቀረውንም በጣቴ ጠርጌ ሊጡ ላይ አራገፍኩት። ለአራት ኩኪስ በቃ። ሊጡን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳደርኩት።

ምድጃው ጣሪያ ላይ ነው። የሊፍቱ ሞተር ክፍል ውስጥ ሊፍቱ ፍሬን ሲይዝ የሚግል አንድ የብረት ሣጥን አለ። ሞልቶ ሲወርድ ይግላል፤ ባዶውን ሲወጣም ይግላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የአርባ ፎቅ ሰው ወደ ሥራ ሲወርድ በላዩ ውኃ ጠብ ቢል ተንጨርጭሮ ይጠፋል። አርባ ዓመት ያንን ሙቀት ስረግመው ኖሬያለሁ፤ ለካ ሲጠብቀኝ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሊጡን አራት ቦታ ከምሬ፣ በአሮጌ ትልቅ የሰርዲን ቆርቆሮ ላይ አድርጌ፣ ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩትና ሌላ ቆርቆሮ ደፋሁበት። ሰዎቹ ይወርዳሉ፣ ሊፍቱ ባዶውን ይመለሳል። ከሥሬ በየደቂቃው «ደህና ዋሉ» የሚል የሊፍት ድምፅ ይሰማኛል። ማንም ለፌቨን ኩኪስ እየጋገረ መሆኑን አያውቅም።

መሃሉ ገና ነው ብዬ ሳስብ አወጣሁት። ራሱ ተኝቷል። ፊቱ ተሰነጣጥቋል። አንዲት ፍርፋሪ አልቀመስኩም፤ ቀድማ የቀመሰችው እሷ እንድትሆን ፈለግኩ።

ሸኚዋ አራት ሰዓት ላይ አንኳኳች። ሶልያና ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጫማዋን አወለቀች፣ «እንዴት አደሩ እማማ፣ እንዴት አደሩ ጋሼ» አለች፣ ወረቀቷን ማንበብ ስትጀምር እጄን አነሣሁ።

«አንቀጽ አሥራ አንድ» አልኩ።

ፊቷ በራ። እውነቴን ነው፣ ደስ አላት። «ሦስት ዓመት ሠርቼ የጠየቀኝ የለም» አለች። ሰዓቷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ፌቨንን በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት። ሳህኑን ጭኗ ላይ አደረግኩላት። አንዱን ኩኪስ በሁለት እጇ አነሣችው። አሸተተችው። ግንባሯ ትንሽ ተኮማተረ፣ ወዲያው መልሳ ፈታችው። ቆረሰች፤ ጠርዙ ኮሽ አለ። ገመጠች። አኘከች። ጉሮሮዋን እያየሁ እጄ ራሱ የእኔን ጉሮሮ ያዘ። ወረደ። ሁለተኛውም ወረደ። እስከ መጨረሻው በላችው፣ ጣቷንም ላሰች፣ እኔን አይታ ፈገግ አለች።

«ከአሁን ይጀምራል» አለች ሶልያና።

አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር አለፈ። እኔ ከደስታ ብዛት ማውራት ጀመርኩ፤ ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ሰርዲኑ ቆርቆሮ፣ ስለ እትዬ ሊዲያ ዶሮ። ሶልያና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ስለ ዶሮዋ አለመስማቴን ነው የምመዘግበው» አለች።

«ኪሩ» አለች ፌቨን፣ ቀስ ብላ። «ቅቤ አግብተህበታል?»

«አዎና! እንቁላልም አለው። ለአንቺ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?»

«ጥሩ ነው የጋገርከው» አለች። «የእኛ ግን የጾም ነበር እኮ።»

አልገባኝም።

«መጋቢት አሥራ ሁለት ነው እኮ ኪሩ። ሁዳዴ ነበር። ከቅዳሴ ስወጣ አይደል ያገኘኸኝ? ቅቤ ያለበት ነገር እንዴት እበላ ነበር?»

ነጠላዋ ታየኝ። ዘጠኝ ሰዓቱ። በየዓመቱ መጋቢት፣ በየዓመቱ ያው መስኮት፣ መስኮቱ ላይ «የጾም» የሚል በእጅ የተጻፈ ካርቶን። ሁሉንም አስታውሰው ነበር፤ ካርቶኑን ግን ለሃያ ዓመት እያየሁ አላነበብኩትም። የእትዬ ሊዲያ የዘይት ጠርሙስም ታየኝ። ከዓርብ ጀምሮ እዚያው ቆሞ ነበር።

«ሁዳዴ ምንድን ነው?» አለች ሶልያና።

«ወዶ መራብ ነው፣ ልጄ» አለች ፌቨን።

«እንደ በቃኝ?»

«አይደለም። እሱ ሰዓቱ ሲደርስ የሚበላበት ነው።»

አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። ፌቨን እጄን ያዘች፤ ጣቶቿ ቀዝቅዘው በላብ ረጥበዋል። ፊቷ ነጣ። ሠላሳ ዓመት ቅቤ ያልነካ ሆድ፣ በዚያ ላይ ስድስት ቀን ባዶውን የከረመ። «ያዝ አድርጊው» አልኳት፤ ሰው ሆዱን በእጁ የሚይዘው ይመስል። ጥርሷን ነከሰች። ታገለች። ሶልያናም ከወንበሯ ተነሥታ «ይተንፍሱ እማማ፣ በአፍንጫ፣ ቀስ ብለው» ትላት ጀመር፤ አንድ ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነው። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስት።

በሃያ አራተኛው ደቂቃ ሁሉም ተመለሰ።

አፏን ጠረግኩላት። ሶልያና ሰዓቷን አጥፍታ ኪሷ ከተተች።

«ያለ ቅቤ እሠራዋለሁ» አልኩ። «ዘይት አለ። ዛሬውኑ አቡክቼ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ—»

«ሙከራው አንድ ነው፣ ጋሼ።»

«የእኔ ጥፋት ነው እኮ! እሷ ምን አደረገች? እሷ በልታለች፣ አይተሻል!»

«አይቻለሁ» አለች። «አዝናለሁ። እውነት አዝናለሁ።»

«ካካዎውስ አለ?» አለች ፌቨን።

ብልቃጡ መስኮቱ ላይ ነበር። አነሣሁት። ብርሃን አሳለፈ። እንደ ደደብ እንደገና በጣቴ ጠረግኩት።

ነጠላ ስለሌላት ሻርፕ አለበስኳት። ጫማዋን አሰርኩላት። በሩ ላይ ቆማ ጉንጬን በእጇ ያዘችና «ፊቱ ግን በደንብ ተሰንጥቆልሃል» አለችኝ። እስከ ሊፍቱ ድረስ መሸኘት ይፈቀዳል። የሊፍቱ በር ተዘጋ። ሁለት ሴቶች ይዞ ሲወርድ የገመዱን ድምፅ እየሰማሁ ቆምኩ፤ እስከ ምድር ቤት ድረስ እያንዳንዱን ፎቅ በጆሮዬ አውቀዋለሁ። ምድር ቤት ሲደርስ «ደህና ዋሉ» አለ።

ሶልያና ከመውጣቷ በፊት ከቀሩት ሦስት ኩኪሶች አንዱን ለመዝገቡ ወስዳ ነበር። ደንብ ነው። ሁለቱ ሳህኑ ላይ ሻገቱ።

በአርባ ቀኗ ጠዋት ግድግዳው ተከፈተ። አሁን አንድ ሳህን ነው የሚያወጣው። ሳህኑ ላይ ፊቱ የተሰነጠቀ፣ መዳፍ የሚያህል ኩኪስ አለ። ማያው ላይ እንዲህ ይላል፤ «አዲስ ጣዕም፣ ፌቨን። በጎረቤትዎ የመጨረሻ ምርጫ ላይ የተመሠረተ።» ዘጋሁት። ሊፍት ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች እጄን ይይዙኛል። «እጅዋ ይባረክ» ይሉኛል። የአሥራ ሁለተኛ ፎቅ ልጆች ከሱ ሌላ አንበላም ብለው አስቸግረዋል። እትዬ ሊዲያ ብቻ ምንም አላለችኝም፤ በሯን ከፍታ አቀፈችኝ፣ መልሳ ዘጋችው።

ቅሬታ ጻፍኩ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። «ስህተት አለበት። ቅቤው ይውጣ። የእሷ የጾም ነበር» አልኩ። መልሱ በደቂቃው መጣ፤ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። በተጠቃሚዎች ይበልጥ የተወደደው የቅቤው ጣዕም ነው። 'የጾም' የሚባል ምድብ የለንም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንኪያ አላነሣሁም። ግድግዳው ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአምስተኛው ቀን አልጋው ላይ ሆኜ ሸኚዋ ሶልያና ትሆን ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ግድግዳው ሲከፈት ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሳላዝዘው እጄ ራሱ ሄደ። ቆረስኩ። ጠርዙ ኮሽ አለ።

እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር በሕይወቴ በልቼ አላውቅም። ከሙሉ ጨረቃውም ይበልጣል። እስከ መጨረሻው በላሁት፣ ጣቴን ላስኩ። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ሰዓቴን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እስኪመለስ ጠበቅኩ።

ሃያ አራት ደቂቃ አለፈ። ሠላሳ አለፈ። ሆዴ ዝም አለ።